ፎርሙ መጨረሻ ይሞላል

ሰሞኑን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አካባቢ ካፌ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህን ወሬ አያጣውም። «ውጭ አገር በጎ ፈቃደኛ የሚወስድ ድርጅት አለ፤ ሊንኩን ልላክልህ?» ሊንኩ በቴሌግራም ይዞራል። ማታውኑ ተሞልቶ ይላካል። ከዚያ መልስ የለም።

በልጆቹ የሚያላግጡ አሉ። «በበጎ ፈቃድ ስም ከአገር መውጣት ነው የፈለጉት» ይሏቸዋል። ቢሆንስ? ዲግሪ ይዞ የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብ የከረመ ወጣት ወደ ውጭ ቢያይ አልፈርድበትም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ዝግጅቱ ከፎርሙ የሚጀምር ይመስላቸዋል። ፎርሙ የሚጠይቀው ግን አስቀድሞ የተሠራ ሥራን ነው። ምን ሠርተሃል? የት? ማን ይመሰክርልሃል?

እዚህ ላይ የጎንደር ልጅ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ባዶ እጁን ሆኖ ግን አይደለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲከፈት ጀምሮ ተማሪውን ወደ ገጠር የሚያወጣ ተቋም ነው። ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ስንቱን አሠልጥኗል! ዛሬም የጤና ተማሪዎች በቡድን ወጥተው ከኅብረተሰቡ ጋር ይሠራሉ፤ «ቲቲፒ» የሚሉት ነው። በጥምቀት ከታቦቱ ፊት ምንጣፍ እያነሱ የሚያነጥፉትን፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ሥርዓት የሚያስይዙትን ወጣቶች አስቡ። በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ ለገቡት ስደተኞች ልብስ ያሰባሰበም ከመካከላችሁ አይጠፋም። ክረምት ክረምት የአቅመ ደካማ ቤት የሚጠግነውንማ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ይህ ሁሉ ግን ወረቀት ላይ የለም።

ስለዚህ ሥራው ባለቀ ሳምንት ደብዳቤ አጽፉ። ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ምን እንደሠራችሁ ይጻፍበት። የኃላፊው ስልክና ኢሜይልም ይኑርበት። «ታታሪና ሥነ ምግባር ያለው ወጣት ነው» የሚለው የተለመደው ደብዳቤ ፋይል ከማወፈር አያልፍም። «በሳምንት 2 ቀን የክትባት መዝገብ ኮምፒውተር ላይ ያስገባ ነበር» የሚለው ነው የሚያስቀጥር። ዩኒቨርሲቲውም ከትራንስክሪፕቱ ጋር የአገልግሎት ማስረጃ በማኅተም ቢሰጥ ምን ይጎድልበታል? አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ሌላው ማነቆ ኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም ተማሪው የሚጋራው የትምህርት ወጪ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ይህን ዕዳ ሳይከፍል ዋናውን ዲግሪ አያገኝም። በእጁ ያለው ቴምፖ፣ ጊዜያዊው የምስክር ወረቀት ነው። ገና ደመወዝ ያላየ ልጅ ከየት ያምጣ? ለአንድ ዓመት አገልግሎት ውል ይዞ የሚሄድ ተመራቂ ዋስ ጠርቶ ዲግሪውን ቢወስድ፣ ሲመለስ ደግሞ ቢከፍል የሚከፋ አይመስለኝም። «አይመለስም» የሚል ይኖራል። መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ ዲግሪስ ብር ይወልዳል?

ፓስፖርቱን ጊዜ ሳለ አውጡ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አትርሱ፤ ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ይጸናል፣ ዕድሜ ልክም ያገለግላል።

ወዴት ይኬዳል? የአፍሪካ ኅብረት የወጣቶች በጎ ፈቃድ ኮር አለ። ከ18 እስከ 35 ዓመት የሆኑትን ለአንድ ዓመት ወደ ሌላ የአፍሪካ አገር ይልካል። የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ድርጅት ደግሞ ከ18 እስከ 26 ለሆኑት የተለየ የወጣቶች ዘርፍ አለው። እዚሁ አገር ውስጥ የሚመድባቸውም አሉ፤ እኔ ብሆን ከዚያ እጀምር ነበር። ቬልትቬርትስ የሚባለው የጀርመን የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም እስከ 28 ዓመት ያሉትን ይቀበላል፤ መንገዱ ግን በላኪና በተቀባይ አጋር ድርጅቶች በኩል ነው።

ቋንቋ ላይ አትስነፉ። የአሜሪካ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አገራችን ሲመጡ አማርኛ መማር የጀመሩት ገና ሳይነሱ ነው። እኛ ግን ጀርመን ስንደርስ እንማራለን እንላለን።

ከአበል በፊት «የምዝገባ» ብር የሚጠይቃችሁን ሽሹ። ከፍለው የሚሄዱባቸው ሕጋዊ ድርጅቶች የሉም አልልም፤ የታሰቡት ግን ለሀብታም አገር ልጆች ነው። «በቱሪስት ቪዛ ግባ፣ ከዚያ ትሠራለህ» የሚለውማ ደላላ ነው። በብዙ አገር ይህ ያስባርራል።

ከሁሉም የሚከብደው ቤት ውስጥ ያለው ነገር ነው። «አራት ዓመት ያስተማርኩህ በነጻ ልትሠራ ነው?» ትላለች እናት። እውነቷን ነው። ልጇ ውጭ ወጣ ሲባል ጎረቤቱ ዶላር ይጠብቃል፣ ዘመዱም ይጠብቃል። የበጎ ፈቃድ አበል ግን ለምግብ፣ ለታክሲና ለቤት ኪራይ ነው፤ አንዳንዱ ጋ ቤቱን ራሱ ድርጅቱ ይሰጣል። የሚተርፍ ጥቂት ነው። ይህን ከመሄዳችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ፣ ቁጥሩን ጽፋችሁ አሳዩ። ብር መላክ ሲያቅታችሁ ስልክ ዘግቶ መጥፋት ይመጣል፤ እሱ ከመቅረት የባሰ ነው። ታናሽ እህቱን የሚያስተምርለት ሌላ ሰው የሌለው ልጅ ደግሞ መጀመሪያ ያገኘውን ሥራ ይሥራ። የአፍሪካ ኅብረቱ እስከ 35 ይጠብቀዋል።