ተሸነፍን አይባልም፣ ተበደልን ነው

መሸነፍ ቀላል ነው፤ ማንም ይሸነፋል። ተሸንፎ ግን ተበዳይ ሆኖ ከሜዳ መውጣት፣ በደሉንም ለልጅ ልጅ ማውረስ፣ እሱ ሙያ ነው። በዚህ ሙያ እንደ እንግሊዝና እንደ አውስትራሊያ የክሪኬት ሰዎች የተካነ የለም። ከ1877 ጀምሮ ይጋጠማሉ። ታሪካቸውን ልብ ብዬ ሳየው እስካሁን አንዳቸውም በወጉ ተሸንፈው አያውቁም፤ ወይ መሬቱ ነው፣ ወይ ኳሷ ናት፣ ወይ ዳኛው ነው፣ ወይ ዝናቡ ነው። ለእነዚህ የኩርፊያ ሊቃውንት ዛሬ ውዳሴ ላቀርብ ተነስቻለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ቂሙም እንደዚያው።)

ክሪኬትን ለማታውቁ ባጭሩ እነሆ። እኔም ያወቅሁት ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ሰፈር ተቀምጦ ታክሲ ከሚነዳው የአክስቴ ልጅ ነው። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ አንዱ በእንጨት ይመታል። ከመቺው ጀርባ ሦስት እንጨቶች ተተክለዋል፤ እሱ ከመስመሩ ወጥቶ ሳለ ኳስ እንጨቶቹን ከመታች ጨዋታው አበቃለት። ነጥቡ ሩጫ ይባላል። ትልቁ ዓይነት ጨዋታ፣ ቴስት የሚሉት፣ አምስት ቀን ይፈጃል፤ በመሐል ምሳ ይበላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ከዚህ ሁሉ በኋላም አሸናፊ ላይኖር ይችላል። እኔን ከሁሉ የማረከኝ ግን አንድ ደንብ ነው፦ ዳኛው በዓይኑ ቢያይ እንኳ ካልተጠየቀ አይፈርድም። ወርዋሪዎቹ እጃቸውን ዘርግተው፣ ጮኸው፣ ይግባኝ ማለት አለባቸው። በላ ልበልሃ እየተባለ በኖረበት አገራችን ይህ ጨዋታ አለመለመዱ ይገርመኛል።

ነገሩ የተጀመረው በለቅሶ ነው። ኦገስት 29 ቀን 1882፣ ለንደን፣ ኦቫል ሜዳ። እንግሊዝ ለማሸነፍ 85 ሩጫ ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት፤ 77 ላይ አለቀች። ስፖርቲንግ ታይምስ በተባለው ጋዜጣ ላይ ሬጂናልድ ሸርሊ ብሩክስ የሚባል ጸሐፊ የቀልድ መርዶ አወጣ፦ የእንግሊዝ ክሪኬት አርፏል፣ አስከሬኑ ይቃጠላል፣ አመዱም ወደ አውስትራሊያ ይወሰዳል። ውድድሩ እስከ ዛሬ “አመዱ” እየተባለ የሚጠራው ከዚህ ተነስቶ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል፣ አርባው ይወጣል፣ ሰውም ወደ ሥራው ይመለሳል። የዚህ ለቅሶ ድንኳን ግን አልፈረሰም። በየሁለት ዓመቱ ገደማ አንዱ ሌላው ቤት ተራ በተራ እየሄደ ሙሾ ያወርዳል።

መርዶው ያልጻፈው አንድ ነገር አለ። በዚያው ጨዋታ ሳሚ ጆንስ የተባለ ወጣት አውስትራሊያዊ ሩጫውን ጨርሶ፣ ነገሩ ያለቀ መስሎት፣ የተቦረቦረውን መሬት ሊደለድል ከመስመሩ ወጣ አለ። ደብሊው ጂ ግሬስ፣ ያ ጢማሙ የእንግሊዝ ክሪኬት አባት፣ ይህን ጊዜ ኳሷን ይዞ እንጨቶቹን አፈረሰና ይግባኝ አለ። ዳኛውም ፈረደለት፤ ሕግ ሕግ ነው። (ግሬስ ለገንዘብ የማይጫወት “ጨዋ” ይባል ነበር፤ ለገንዘብ ከሚጫወቱት በላይ ከክሪኬት ገንዘብ ማግኘቱ ጨዋነቱን አልነካውም።) ፍሬድ ስፖፎርዝ የተባለው አውስትራሊያዊ ወርዋሪ በዚህ ነዶ ገባና ሰባት መቺ ለቀመ። አመዱ የተገኘው ከዚያ እሳት ነው። ይህችን የግሬስን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ትመለሳለች።

በዚያው ዓመት መጨረሻ አይቮ ብላይ የተባለው የእንግሊዝ አለቃ አመዱን ላስመልስ ብሎ ወደ አውስትራሊያ ተሻገረ። እዚያም ከሜልበርን ወጣ ብሎ ባለ ርስት ላይ ወይዛዝርቱ ትንሽ የሸክላ ዕቃ ሰጡት። ቁመቷ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጀበና አጠገብ ብትቆም የጀበናዋ ልጅ ትመስላለች። ብላይ ከዚያው ፍሎረንስ ሞርፊን አገባ፤ በ1927 ሲሞት ባልቴቷ ዕቃዋን ለሜሪልቦን ክሪኬት ክለብ ሰጠች፤ ክለቡም ለንደን፣ ሎርድስ በሚባለው ሜዳው ላይ አስቀመጣት። አድናቆቴ ልክ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ከ1989 እስከ 2003 አውስትራሊያ ስምንት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈች፤ ዕቃዋ ግን የሎርድስ ነዋሪ እንደሆነች ቀረች። ለጉብኝት ጥቂት ጊዜ ብቅ ብላ ተመልሳለች። “የግል ስጦታ ናት፣ ደግሞም ተሰባሪ ናት” ይላሉ ባለቤቶቹ። ስምንት ጊዜ ተሸንፎ ዋንጫውን ከቤት አለማውጣት! አውስትራሊያን አመድ አፋሽ ልላት አሰብኩ፤ ችግሩ አመዱንም አላፈሰችም።

አሁን ወደ ሊቃውንቱ ድርሳን እንግባ። ዶን ብራድማን የሚባል አውስትራሊያዊ በ1930 እንግሊዝ ድረስ ሄዶ በአንድ ውድድር ብቻ 974 ሩጫ ሰበሰበ። (ዕድሜ ልኩን፣ አንዴ እስኪወጣ ድረስ፣ ያስመዘገበው አማካይ ሩጫ 99.94 ነው። በመጨረሻ ጨዋታው አራት ሩጫ ቢጨምር ኖሮ መቶ ይሞላ ነበር፤ በባዶ ወጣ። ይህን ግን ማንም በማንም አላሳበበም፤ የሚገርመው እሱ ነው።) የእንግሊዙ አለቃ ዳግላስ ጃርዲን በ1932 መላ ዘየደ፦ ኳሷ ወደ እንጨቶቹ ሳይሆን ወደ ሰውየው ትሂድ። ሰውየው ራሱን ሲከላከል አጠገቡ የተኮለኮሉት ይቀልቧታል፤ ከተቀለበች መቺው አበቃለት። ለዚህ ሥራ ሃሮልድ ላርውድ ተመረጠ፤ የኖቲንግሃምሻየር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ የነበረ፣ ኳስ ሲወረውር ነፋስ የሚቀድም ሰው። መላው ሠራ። የብራድማን አማካይ ወደ 56.57 ወረደ።

ጃንዋሪ 1933 አደሌድ ላይ የአውስትራሊያው አለቃ ቢል ውድፉል ደረቱን፣ ልቡ ላይ ተመታ። በርት ኦልድፊልድ የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ። ውድፉል ሊያጽናኑት ለመጡት የእንግሊዝ ቡድን መሪ “ሜዳው ላይ ሁለት ቡድን አለ፤ አንዱ ክሪኬት ሊጫወት ይሞክራል፣ ሌላው አይሞክርም” አላቸው። የአውስትራሊያ ቦርድ ወደ ለንደን ቴሌግራም ላከ፦ ይህ ስፖርታዊ ጨዋነት የጎደለው ነው፣ የሁለቱን አገሮች ወዳጅነትም ያሻክራል። ለንደን ያሉት ጌቶች አንዲት ኳስ ሳያዩ መለሱ፦ ቴሌግራማችሁ አሳዝኖናል። የተሰነጠቀው ራስ ቅል አይደለም ያሳዘናቸው፤ ቴሌግራሙ ነው። በዚህ ምክንያት አገር ከአገር ተኳረፈ፤ በኋላም “ጨዋነት የጎደለው” የምትለዋን ቃል መልሳ የዋጠችው የተመታችው አገር ሆነች። እንግሊዝ አራት ለአንድ አሸንፋ ተመለሰች።

በዚያው ዓመት ክረምት የካሪቢያን ደሴቶች ቡድን፣ ዌስት ኢንዲስ የሚባሉት፣ ወደ እንግሊዝ መጡና ያንኑ አወራወር በእንግሊዞቹ አካል ላይ ሞከሩት። ወዲያው ዓይን ተገለጠ። ለካ ነገሩ አደገኛ ነው! ለካ ያማል! ብዙም ሳይቆይ ደንቡ ጠበቀ። አሁን ሙያውን እዩልኝ፦ ትእዛዙን የሰጠው ጃርዲን በዚያው ዓመት መጨረሻ ቡድኑን እየመራ ህንድ ሄደ፤ ትእዛዙን የፈጸመው ከሰል ቆፋሪ ይቅርታ ጠይቅ ተባለ። ላርውድ እምቢ አለ፤ ለእንግሊዝም ዳግመኛ አልተጫወተም። በ1950 ሚስትና ልጆቹን ይዞ የት የተሰደደ ይመስላችኋል? አውስትራሊያ። ራሳቸውን በኳስ ያናገረባቸው ሰዎች ተቀብለውት ሲድኒ ላይ አርጅቶ ሞተ። የተመታው ሲምረው የገዛ ጌቶቹ አልማሩትም።

አውስትራሊያም ከዚህ ትልቅ ትምህርት ቀሰመች። በ1974 ዴኒስ ሊሊና ጄፍ ቶምሰን የተባሉ ሁለት ጎልማሶችን አስነሳች፤ ራስ ቁር ባልነበረበት ዘመን እንግሊዞቹን ጣታቸውን ሰበሩ፣ ጎናቸውን አጠቆሩ። ከአርባ ዓመት በፊት በቴሌግራም ያለቀሰው ሕዝብ በጭብጨባ ሜዳውን አናጋው። አመድ በዱቄት ይስቃል ሲባል ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እንግሊዝ በጭንቅ የ41 ዓመቱን ኮሊን ካውድሬን ከብርድ አገር አስጠርታ አሰለፈች፤ እሱም ወደ ሜዳ ገብቶ ለቶምሰን በትሕትና ስሙን አስተዋወቀ ይባላል። ጨዋ ማለት እሱ ነው።

በነገራችን ላይ የሙያው ከዳተኞችም አሉ። በ1981 ሄዲንግሊ ላይ እንግሊዝ ልትሞት አንድ ሐሙስ ሲቀራት፣ አወራራጆች አንድ ለአምስት መቶ ሲያቀርቡ፣ ያው ሊሊና ጓደኛው ሮድ ማርሽ ተጋጣሚያችን ያሸንፋል ብለው ጥቂት ፓውንድ አስያዙ። እንግሊዛዊው ኢያን ቦታም 149 ሩጫ መታ፤ አውስትራሊያ በ18 ሩጫ ተሸነፈች። በዚህ ሁሉ ዘመን ተሸንፈው ያላኮረፉ ሁለት ሰዎች እነዚህ ብቻ ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ልዝለለውና ወደ ጁላይ 2 ቀን 2023 እንሂድ። ሎርድስ፣ አምስተኛው ቀን። አውስትራሊያዊው ካሜሮን ግሪን ወረወረ፤ ጆኒ ቤርስቶ ጎንበስ ብሎ አሳለፋት፤ ኳሷ ከጀርባ የቆመው አሌክስ ኬሪ እጅ ገባች። ቤርስቶ መስመሩን በእግሩ ጫር አደረገና ነገሩ ያለቀ መስሎት ወደ ጓደኛው ሊራመድ ጀመረ። ኬሪ አፍታም ሳይቆይ ወርውሮ እንጨቶቹን መታ። ይግባኝ! ተፈረደበት።

ይህን የት ነው ያየነው? አዎ፣ ጢማሙ። 141 ዓመት አልፎ ሳሚ ጆንስ እንግሊዛዊ ሆኖ ተነሳ። አሁን ግን ሕግ ሕግ መሆኑ ቀረና “የጨዋታው መንፈስ” ተጠራ። መንፈስ የተባለው በ2000 በሕጉ መግቢያ ላይ የሰፈረ ምክር ነው፤ ያሰፈሩትም ሕጉን ከ1788 ጀምሮ የሚጽፉት የሎርድስ ባለቤቶች ናቸው። መንፈሱ ሲወርድ ታዲያ እንግሊዝ ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ስትረታ። የክለቡ አባላት፣ ኮትና ከረባት ያሰሩት፣ ለምሳ የሚያልፉትን አውስትራሊያውያን በዚያ በተከበረው ረጅም አዳራሻቸው ውስጥ ተሳደቡ፤ ኡስማን ካዋጃ ቆሞ መለሰላቸው፤ ክለቡም ይቅርታ ጠይቆ ሦስት አባላት አገደ። ሕግ የሚጽፍ ሰው በጻፈው ሕግ ሲረታ እንዲህ ነው የሚያምርበት።

የምስክሮቹ ንጽሕና ደግሞ ልብ ይነካል። የእንግሊዙ ተጫዋች ስቱዋርት ብሮድ ኬሪን “ስምህ የሚነሳው በዚህ ብቻ ነው” አለው። ይኸው ብሮድ በ2013 ኳሷ መምቻውን በግልጽ ነክታ ተቀልባ፣ ዳኛው ሳያይ ሲቀር፣ እንደ ሐውልት ቆሞ የቀረ ነው። የእንግሊዙ አሠልጣኝ ብሬንደን ማከለም ከአውስትራሊያውያን ጋር ቢራ መጠጣት እንደማያስበው ተናገረ፤ እሱ በ2006 ለኒውዚላንድ ሲጫወት ሲሪላንካዊው ሙራሊታራን መቶ የሞላለትን ጓደኛውን ሊያቅፍ ሲሄድ እንጨቱን ያፈረሰበት ነው። ቤርስቶ ራሱስ? በዚያው ጨዋታ፣ በዚያው ሜዳ፣ ማርነስ ላቡሻኝ ከመስመሩ ወጣ ሲል ኳስ ወርውሮበት ስቶ ነበር። ቢመታ ኖሮ መንፈሱ የት ይገባ እንደነበር እንጃ።

ነገሩ ከሜዳ ወጥቶ ቤተ መንግሥት ገባ። ሪሺ ሱናክና አንቶኒ አልባኒዚ፣ የጊዜው የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ቃል ተለዋወጡ። ኔቶ ስለ ዩክሬን ሊመክር ቪልኒየስ በተሰበሰበበት ሳምንት አልባኒዚ የውጤቱን ሰሌዳ ወረቀት ላይ አሳየ፤ ሱናክ እንግሊዝ ሦስተኛውን ጨዋታ ስታሸንፍ የተነሳ ፎቶ መዘዘ፤ አልባኒዚ በቤርስቶ ፎቶ ሲመልስ ሱናክ “ብርጭቆ ወረቀቴን አለማምጣቴ ይቆጨኛል” አለ። በ2018 አውስትራሊያውያን ኬፕ ታውን ላይ ኳስ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትጉ መያዛቸውን ማንሳቱ ነው። ያ ጨዋታ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር፤ እንግሊዝን የሚመለከታት ነገር የለም። ግን ቂም ካልተዋሱት ምኑን ጎረቤት ሆኑ?

ማንችስተር ላይ ደግሞ እንግሊዝ ልታሸንፍ ስትቃረብ ዝናቡ አምስተኛውን ቀን ሙሉ በላውና አውስትራሊያ አመዱን ይዛ ቀረች። እንግሊዞቹ በሞራል እኛ አሸነፍን አሉ። ሰማይ በይግባኝ አይከሰስም እንጂ ዳኛው ተጠይቆ ነበር።

ይህን ሁሉ ስል አውስትራሊያ ዝም ያለች እንዳይመስላችሁ። በመጨረሻው ጨዋታ ኦቫል ላይ ኳሷ የካዋጃን ራስ ቁር መታችና ቅርጿ ተበላሸ፤ ዳኞች ቀየሯት። በማግስቱ እንግሊዝ አሸንፋ ውድድሩ ሁለት ለሁለት አለቀ። የተተካችው ኳስ ከቀድሞዋ አዲስ ትመስላለች ተባለ። የቀድሞው አለቃ ሪኪ ፖንቲንግ ምርመራ ይደረግ አለ።

የአክስቴ ልጅ በዚያ ሰሞን አንድ ተሳፋሪ ከፉትስክሬይ ወደ ቱላማሪን አየር ማረፊያ ጭኖ ነበር። ወሬ ለመጀመር ብሎ “እኩል ለእኩል ወጣችሁ አይደል?” ይለዋል። “ሰውየው እስከ አየር ማረፊያው ስለ ኳሷ ነገረኝ” አለኝ በስልክ። “ቀለሟን፣ ስፌቷን፣ የነበረችበትን ሳጥን። ሻንጣውን አወረድኩለት፣ ሒሳቡን ከፈለ፣ በሩን ይዞ ቆመ። ኋላዬ ያሉት መኪኖች ጥሩንባ ይነፋሉ። እሱ ገና የዳኞቹን ስም እየጠራልኝ ነው።”