የእሷ ብቻ አይደለም

ቦሌ ለሚ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወዲያ፣ ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል የተከራዩ ልጆች አሉ። ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው ልብስ ስፌት የሚሠሩ ናቸው። አንዷ አስወረደች ከተባለ ሰፈሩ ያለው ሁለት ፍርድ ብቻ ነው። አንዱ «ገደለች» ይላል። ሌላው «ምን አገባችሁ፣ የራሷ ጉዳይ ነው» ይላል። ሁለቱም ልጅቷን ብቻዋን ይተዋታል።

በዚህ ጉዳይ የቡድሂስቶችን ሐሳብ ብንሰማ እንጠቀማለን ባይ ነኝ።

ሲጀመር ነገሩን አያቃልሉትም። ከአምስቱ የምእመናን መመሪያዎች የመጀመሪያው ሕይወት አለማጥፋት ነው። ቪናያ የሚባለው የመነኮሳት ሕግም የሰው ሕይወት በማኅፀን እንደሚጀምር ይናገራል። ስለዚህ ውርጃ በእነሱም ዘንድ ነፍስ ማጥፋት ነው። የቲቤት ቡድሂስቶች መንፈሳዊ መሪ ዳላይ ላማም ይህንኑ ይላሉ። ግን እያንዳንዱ ሁኔታ ለየብቻው ይታይ ብለው ያክሉበታል።

እኔን የያዘኝ ቪናያ ውስጥ የተመዘገበ አንድ ጉዳይ ነው። ባሏ ርቆ ሳለ ከሌላ የጸነሰች ሴት አንድ መነኩሴ ማስወረጃ መድኃኒት እንዲሰጣት ትለምነዋለች። ይሰጣታል፤ ጽንሱም ይሞታል። መነኩሴው ምንኩስናውን ያጣል፤ መመለሻ የለውም። በሌላ ጉዳይ ደግሞ መድኃኒቱ የገደለው እናቲቱን ነው። ያኛው መነኩሴ ከባድ ጥፋት ይቆጠርበታል እንጂ አይባረርም፤ እሷን ሊገድል አላሰበምና። እናት ሞታ ቅጣቱ መቅለሉ አይዋጥልኝም። ሐሳብ መመዘኑ ግን ልክ ነው።

እርግጥ ሕጉ የወጣው ለመነኮሳት ነው። እኔ የምወስደው ግን ይህን ነው፦ እጁን ያስገባ ሁሉ ይጠየቃል። እኛ ሰፈር ስንቱ እጁን አስገብቷል? እርግዝናውን ሲሰማ ስልኩን አጥፍቶ የተሰወረው ወንድስ? «ሆድሽ ሲገፋ ቤቴን ትለቂያለሽ» ያለችው አከራይስ? ካረገዝኩ ሥራዬን አጣለሁ ብላ እንድትሰጋ ያደረጋት አለቃስ? በቡድሂስቶች ትምህርት ካርማ፣ ማለትም ኋላ ውጤቱን በሠሪው ላይ የሚያመጣ ሥራ፣ የሚመነጨው ከሐሳብ ነው። በጭንቀት ተይዛ ያደረገችውንና እነሱ በግድየለሽነት ያደረጉትን እኩል ማየት አልችልም።

ጃፓን ውስጥ የቡድሂስት ቤተ መቅደሶች ላልተወለዱ ልጆች ሥርዓት ያደርጋሉ። ሴቶች ጂዞ ለሚባለው የሕፃናት ጠባቂ ሐውልት ቀይ ጨርቅ ያለብሳሉ፤ ያለቅሳሉ። ገንዘብ መሰብሰቢያ ሆኗል የሚል ወቀሳ አለበት። ቢሆንም ማልቀሻ ቦታ አላቸው። እኛ ሰው ሲሞት ድንኳን ጥለን አብረን የምናድር ሰዎች ነን። ለዚህች ልጅ ግን «አይዞሽ» የሚላት እንኳ የለም።

ሌላም ዕዳ አለብን። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 በተወሰኑ ምክንያቶች ጽንስ ማቋረጥን ይፈቅዳል። ከእነዚህም መደፈር፣ የእናት ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ መውደቅና ለአካለ መጠን አለመድረስ ይገኙበታል። የተደፈረች ሴት ደግሞ ቃሏ ብቻ በቂ ነው፤ ሌላ ማስረጃ አትጠየቅም። ይህን ሳታውቅ ደብቀው ወደሚሠሩ ሰዎች የምትሄድ ልጅ ሕይወቷን ልታጣ ትችላለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የፋብሪካ ክሊኒኮች፣ ቀድመን የምናውቅ ጎረቤቶችም ሳትጠይቀን እንንገራት።