አሎቬራ በረንዳ ላይ ትብቀል፣ ከብርጭቆ ግን ትራቅ

ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ዓይነት ቪዲዮ ይመጣብኛል። አንዱ የአሎቬራ ቅጠል ከነልጣጩ ይከትፍና ጁስ መፍጫ ውስጥ ይከታል። ማርና ሎሚ ጣል ያደርግበታል። «በባዶ ሆድ ጠጡት፤ ስኳር ያወርዳል፣ ጨጓራ ያድናል፣ ቦርጭ ያጠፋል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ታዲያ መድኃኒቴን ላቁም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ጥያቄ ነው።

አሎቬራን ጠልቼ አይደለም። እንዲያውም እንደኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው ከእሷ የሚሻል ተክል የለም ባይ ነኝ። ግቢ የለንም። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። እሷ ግን ቅጠሏ ውስጥ ውኃ ስለምታጠራቅም ሁለት ሦስት ሳምንት ብትረሷት ምንም አትሆንም። ብዙ ሰው የሚገድላት በየቀኑ እያጠጣ ነው። ሥሯ ይበሰብሳል፣ ቅጠሏ ይልፈሰፈሳል፣ ከዚያ «ጠምቷት ነው» ተብሎ ሌላ ውኃ ይጨመርባታል።

ዕቃው ብዙም አያስጨንቅም። የዘይት ጀሪካን አንገቱን ቆርጦ ሥሩን መብሳት ይበቃል። ዋናው አፈሩ ነው። ጥቁሩ መረሬ አፈር ለብቻው አይሆንም፤ ውኃ ይቋጥራል። ግማሹን አፈር፣ ግማሹን ሬድ አሽ አድርጉት። ሬድ አሽ ግንባታ ባለበት ሁሉ ተከምሮ የምታዩት ቀዩ ጠጠር ነው። ጥቂት ብትለምኑ የሚከለክላችሁ የለም። ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐዩ ይበረታል። ጥላ ሥር ያደገች ችግኝ ገዝታችሁ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ብታስቀምጧት ቅጠሏ ይቀላል፤ ቀስ በቀስ አለማምዷት። ክረምት ሲገባ ዝናብ ወደማያገኛት ጥግ አስገቧት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ደግሞ ከውርጩ ወደ ግድግዳው አስጠጓት። ጠንከር ስትል በሥሯ ልጆች ታወጣለች። እኛ ብሎክ ላይ ያሉት አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ከአንድ ቤት ወደ ሌላው የሄዱ ናቸው። አንዷ ቡና ልትጠጣ ትመጣና ሥር ይዛ ትመለሳለች።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አሎቬራ ከእሬት ዝርያዎች አንዷ ናት፤ አገራችን ውስጥ ደግሞ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች አሉ። በየገደላገደሉና በየመንገዱ ዳር ቀይና ብርቱካንማ አበባ አውጥተው የምናያቸው እሬቶች ለቆዳ የሚሸጠው አሎቬራ አይደሉም። የእሱ አበባ ቢጫ ነው። ለአጥር የሚተከለው ቃጫ ደግሞ ከሩቅ ያሳስታል፤ ፈሳሹ ቆዳ ያቃጥላል። መንገድ ዳር ያገኛችሁትን ቆርጣችሁ ፊታችሁን አትቀቡ።

ጥቅሟ የት ላይ ነው? ቆዳ ላይ። ለፀሐይ ቃጠሎ፣ ለደረቀ ቆዳ፣ ለፎረፎር፣ ለትንሽ ቃጠሎ። አንድ ቅዳሜ ጎረቤቴ ቡና ስታፈላ ጀበናው ተንሸራቶ እጇ ላይ ፈሰሰ። አንዷ የጥርስ ሳሙና ይዛ መጣች። ሌላዋ «ሊጥ! ሊጥ!» አለች። ሦስተኛዋ አሎቬራ ልትቆርጥ ወደ በረንዳ ሮጠች። ቀዝቃዛ ውኃ ያለ ሰው አልነበረም። መቅደም የነበረበት ግን እሱ ነው። የተቃጠለ ነገር ለ20 ደቂቃ ያህል የሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ይፈልጋል። ቧንቧው ከሌለ ከጀሪካን በጣሳ እየቀዱ ማፍሰስ ነው። የጥርስ ሳሙናም ሊጥም ሙቀቱን ያፍናሉ፤ ሐኪም ቁስሉን እንዳያየውም ይሸፍናሉ። አሎቬራ የሚመጣው ቦታው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ያውም ቆዳው ካልተገሸለጠ። ሰፊ ከሆነ፣ ፊት ላይ ከሆነ፣ ሕፃን ከሆነ ወይም የተቃጠለው ቆዳ ነጥቶ ወይም ጠቁሮ ከሆነ በረንዳውን እርሱት። ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።

አቆራረጡም ሥርዓት አለው። ከውጭ በኩል ያለውን የታችኛውን ትልቅ ቅጠል ከሥሩ ቁረጡ። የተቆረጠውን ጎን ወደ ታች አድርጋችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ብርጭቆ ውስጥ አቁሙት። ቢጫ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ይላል፤ እሱ ይደፋ። ከዚያ እጠቡት፣ ልጣጩን ግፈፉ፣ እንደ መስታወት የጠራውን ብቻ ውሰዱ። መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ካላሳከካችሁ ቀጥሉ።

ወደ ብርጭቆው እንመለስ። አያቶቻችን የኮሶ ትል የሚያወርዱት በኮሶ ነበር። ኮሶ ይመራል፣ ይሠራልም። እናቶች ጡት ለማስጣል እሬት ይቀቡ ነበር። የመረረ ነገር ሁሉ መድኃኒት የሚመስለን ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። የአሎቬራ ምሬት የሚመጣው ከልጣጩ ሥር ካለው ከዚያ ከቢጫው ፈሳሽ ነው። አሎይን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ አንጀትን እያነቃነቀ ያስቀምጣል። ሰውየው «ሆዴ ጸዳ» ይላል። ተቅማጥ ነው የያዘው። ከውኃው ጋር ፖታሲየም ይወጣል፣ ፖታሲየም ሲያንስ ደግሞ የልብ ምት ይዛባል። የልብ መድኃኒት ወይም ለግፊት የሚያሸና ኪኒን ለሚወስድ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። እርጉዝ ሴት ጭራሽ መጠጣት የለባትም።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እሬት (አሎ) ያለባቸውን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የሆድ ማስለቀቂያዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ከገበያ አስወጥቷል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ከነልጣጩ የተጨመቀውን አሎቬራ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው ተርታ መድቦታል። በቪዲዮው ላይ መፍጫ ውስጥ የሚገባው እሱው ነው። በፋብሪካ የሚዘጋጀው የሚጠጣ አሎቬራ ተጣርቶ አሎይኑ ከ10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ አሥር እጅ) በታች እንዲወርድ ይጠበቃል። የቤት ጁስ መፍጫ ይህን አይለካም፣ አያጣራምም።

ስኳር ያወርዳል የሚባለውስ? ሊያወርድ እንደሚችል የሚጠቁሙ ትናንሽ ጥናቶች አሉ። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ኢንሱሊን ወይም ኪኒን ላይ ያለ ሰው ከላዩ ሲደርብበት ስኳሩ ከልክ በላይ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ኪኒኑን ትቶ እሷን የያዘ ደግሞ ዓይኑና ኩላሊቱ ሲጎዱ አይታወቀውም።

ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች ወገኖቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። መድኃኒት ስትሰጡ «ቤት ውስጥ ሌላ የምትጠጡት ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስትጠይቁም አትቆጡ። የተቆጡት ሰው ይደብቃል። ወረፋው ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ጥያቄው ግን ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። አንዲት እናት «አሎቬራ ጀምሬያለሁ» ካለች ኪኒኗን እንዳትተው፣ ተክሏን ደግሞ ለእጇና ለፀጉሯ እንድታደርገው ንገሯት። ነቅላ መጣል የለባትም።