የአያቴ ስም፣ የባለቤቴ ማተብና የራምናጋር ቅጾች

«ይቅርታ ሰር፣ እኒህ እመቤት ባለቤትዎ ከሆኑ የቤተሰብ ስማቸው ከእርስዎ ጋር ለምን አይገጥምም?» ይህ ጥያቄ የቀረበልኝ ባለፈው መጋቢት፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በሰሜን ሕንድ ኡታራካንድ ክፍለ ግዛት ራምናጋር በምትባል አነስተኛ ከተማ፣ በአንድ ማረፊያ ቤት እንግዳ መቀበያ ፊት ሻንጣ እንደያዝሁ ነው። ከባለቤቴ ጋር በተክሊል ተጋብተን ሃያ ሁለት ዓመት ኖረናል፤ ሦስት ልጆችም አፍርተናል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሚስቴ ሚስቴ መሆኗን ለማንም ማስረዳት አስፈልጎኝ አያውቅም ነበር።

ሕንድ የሄድነው እንደ ብዙ ወገኖቻችን ለሕክምና ነው። ባለቤቴ ዴልሂ ላይ ምርመራዋን ጨርሳ ውጤቱ ከአምስት ቀን በኋላ እንደሚደርስ ሲነገረን፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ተፋጥጦ መጨነቅ ለታማሚም ለአስታማሚም አይበጅም ብለን ለሁለት ቀን ከከተማው ወጣ ለማለት ወሰንን። የመረጥነውም የኮርቤትን ብሔራዊ ፓርክ ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1936 የተቋቋመ፣ ለሕንድ የመጀመሪያዋ የሆነ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ አገሪቱ ነብሮቿን ከመጥፋት ለማዳን በ1973 ‹ፕሮጀክት ታይገር› የተባለውን ሥራ የጀመረችውም ከዚያ ነው። በ2022 በተደረገው ቆጠራ 260 ነብሮች እንዳሉት የተገመተ ሲሆን፣ ከሕንድ የነብር ጥብቅ ሥፍራዎች መካከል ይህን ያህል የተቆጠረበት ሌላ አልነበረም። (ነብር ስል የእኛን ባለ ነጠብጣቡን ማለቴ አይደለም። ባለ መስመሩ አውሬ በአፍሪካ ምድር ስለማይገኝ አማርኛችን የራሱን ስም ሳያወጣለት በነብር ስም ሲጠራው ኖሯል። ስለ ስም መደናገር ላማርር የተነሣሁት ሰውዬ ራሴ እንስሳውን በሌላ እንስሳ ስም እየጠራሁት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለእሱ ግን ቅጽ አላስሞላሁትም።)

ከዴልሂ ወደ 250 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በሞራዳባድና በካሺፑር በኩል በተከራየነው መኪና ተጓዝን። ራምናጋር በኮሲ ወንዝ ዳር፣ የሂማላያ ተራሮች መነሣት በሚጀምሩበት ግርጌ የተቀመጠች ናት። የሱቁ ምልክት፣ የሻይ ቤቱ ግድግዳ፣ የጂፑ በር ሁሉ የነብር ሥዕል አለበት። ከተማዋን ወድጃታለሁ፤ ሕዝቧም ደግ ነው። የብሶቴ ምክንያት ከተማዋ ውስጥ በየጠረጴዛው የሚጠብቀን ቅጽ ነው።

መጀመሪያ የሄድንበት ማረፊያ ቤት ከሁለት ቀን በፊት ክፍል ይዘንበት፣ «ተረጋግጧል» የሚል መልእክትም ደርሶን ነበር። ፓስፖርታችንን ያየው ወጣት ግን የውጭ አገር ሰው እንደማይቀበሉ ነገረን። በሕንድ የውጭ እንግዳ ያሳደረ ማንኛውም ማረፊያ የእንግዳውን የፓስፖርትና የቪዛ ዝርዝር በ24 ሰዓት ውስጥ በኢንተርኔት ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት፤ ሰዎቹ ‹ሲ ፎርም› ይሉታል። ትንንሾቹ ቤቶች ይህን ጣጣ ስለሚፈሩ እንግዳውን መመለስ ይቀላቸዋል። ሕጉን አልቃወምም፤ አገር ማን እንደገባባት ማወቅ መብቷ ነው። ነገር ግን ክፍሉን ስይዝ ዜግነቴን ጠይቀውኝ ኢትዮጵያዊ ብዬ ሞልቼ ነበር፤ ይህን ለማንበብ ሁለት ሙሉ ቀን ያነሳቸው ሰዎች እኔን ለመመለስ ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

ሁለተኛው ቤት የውጭ ሰው ይቀበላል። እዚያ የገጠመን ደግሞ በመግቢያዬ የጠቀስሁት ጥያቄ ነው። የእኔ ፓስፖርት ላይ ‹ሰርኔም› (የቤተሰብ ስም) በሚለው ቦታ የሰፈረው የአያቴ ስም ነው፤ የባለቤቴም ላይ እንዲሁ የእርሷ አያት። እኛ ዘንድ ሰው ስሙ አንድ ነው፤ የአባቱ ስም የአባቱ፣ የአያቱም ስም የአያቱ ነው፤ ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም ጥላ የባሏን አታነሣም። ይህን ለእንግዳ ተቀባዩ በእንግሊዝኛ፣ በእጅ ምልክት፣ በመጨረሻም በወረቀት ላይ የዘር ሐረግ በመሣል አስረዳሁ። ሰውዬው በጥሞና አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ «ገባኝ ሰር፤ ታዲያ የቤተሰባችሁ ስም የትኛው ነው?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር በጣም ያበገነኝ አለማወቁ አልነበረም። ሰው የማያውቀውን ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ያበገነኝ ይህ ጉዳይ በራሱ አገር እንግዳ ነገር አለመሆኑ ነው። በደቡብ ሕንድ በታሚሎች ዘንድ ብዙ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ የአባቱን ስም የመጀመሪያ ፊደል ከራሱ ስም ፊት አስቀምጦ ይኖራል። ከዚያው ከራምናጋር ወረድ ብሎ በካሺፑር አካባቢ ብዙ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ይኖራሉ፤ የሲክ ወንድ ‹ሲንግ›፣ ሴቷ ‹ካውር› ስለሚባሉ የባልና የሚስት ስም የማይገጥምበት ቤት በየመንደሩ ሞልቷል። ታዲያ አንድ የሲክ ባልና ሚስት ወደዚህ ቤት ቢመጡ ክፍል ይከለከላሉ? ብዬ ጠየቅሁት። «እነሱን እናውቃቸዋለን» አለኝ። መልሱ ትክክል በመሆኑ ይበልጥ ተናደድሁ።

ያልተጋቡ ወንድና ሴት በአንድ ክፍል እንዳያድሩ የሚከለክል የአገር ሕግ እንደሌለ ቀድሞ አንድ ወዳጄ ነግሮኝ ነበር፤ ብዙ ቤቶች ግን ‹የቤተሰብ ቤት ነን› በማለት የራሳቸውን ደንብ ያወጣሉ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት አምጡ ተባልን። የጋብቻ ወረቀቴ አዲስ አበባ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከቤቱ ካርታ ጋር ታጥፎ ተቀምጧል። ነብር ለማየት የሚሄድ ሰው ካሜራ ይይዛል እንጂ የጋብቻ ወረቀት አይሸከምም። ባለቤቴ ስልኳ ውስጥ የሠርጋችንን ፎቶግራፍ ፈልጋ አሳየችው። በፎቶው ላይ ሁለታችንም ካባ ለብሰን አክሊል ደፍተናል። ሰውዬው ስልኩን አቅርቦ አርቆ ካየ በኋላ የቲያትር ሰዎች እንደሆንን ጠየቀን።

መፍትሔው የመጣው ማንም ካልጠበቀው ወገን ነው። ከኋላ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ የነበሩት የቤቱ ባለቤት፣ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው፣ ብድግ ብለው መጡና የባለቤቴን አንገት አመለከቱ። በአንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ አለ፤ ከጫፉም ትንሽ የወርቅ መስቀል። በሕንድ በብዙ ሂንዱዎች ዘንድ ያገባች ሴት ጥቁር ጨሌና ወርቅ ያለበት ‹ማንጋልሱትራ› የሚባል የአንገት ጌጥ ታስራለች፤ ባሏ ነው በሠርጉ ቀን የሚያስርላት። ሽማግሌው ጥቁሩን ክርና ወርቁን ሲያዩ ነገሩ አለቀላቸው። «ያገባች ናት» ብለው ለሠራተኛው በቁጣ ተናገሩት፤ ለእኛም ይቅርታ ጠይቀው ቁልፉን በእጃቸው ሰጡን። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር፣ በሦስት ልጅና በሁለት ፓስፖርት ያልተረጋገጠው ጋብቻ በማተብ ተረጋገጠ።

ባለቤቴ ልትናገር አፏን ስትከፍት ክርኗን ነካሁት። እስከ ዛሬ ይህን ይቅር አላለችኝም። «ክርስትና ስነሣ የታሰረልኝን ማተብ አንተ ያሰርህልኝ አስመሰልኸው» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ግን የምሽቱ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ሌላ ማረፊያ ፍለጋ ለመዞር አቅሙ አልነበረኝም።

ስለ ክፍያው ብዙ አልልም። ሻይ የሚያፈላው ሰው ሳይቀር ገንዘብ የሚቀበለው በስልክ ነው፤ ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ የአገሩን የባንክ ሒሳብ ይፈልጋል፤ የማረጋገጫ ቁጥሩም ወደ ሕንድ ስልክ እንጂ ወደ አዲስ አበባ ቁጥሬ አይመጣም። ሹፌራችን በገዛ ስልኩ እየከፈለልን እኛ ጥሬ ገንዘብ ስንሰጠው ሰነበትን። እግዚአብሔር ይስጠው።

የጾሙን ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበርና ሕንድ ሥጋ የማይበላ ሰው የበዛበት አገር ስለሆነ እንደልባችን እንጾማለን ብለን ነበር። እዚያ ግን ምግብ ሁለት ሣጥን ብቻ ነው ያለው፤ ሥጋ ያለበትና ሥጋ የሌለበት። ሥጋ በሌለበት ሣጥን ውስጥ ወተቱም፣ እርጎውም፣ ቅቤውም፣ አይቡም ገብቷል፤ የታሸገውም ላይ ያው አረንጓዴ ነጥብ ይደረግበታል። ባለቤቴ ጾመኛ መሆኗን ለአስተናጋጁ ስታስረዳው ፊቱ በርቶ ሄደና አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ከሙዝ ጋር ይዞ መጣ። እነሱ ሲጾሙ እህል ትተው ወተትና ፍራፍሬ ይወስዳሉና በአክብሮት ያመጣላትን መመለስ አፈርን። ወተቱን እኔም አልጠጣሁት፤ ሹፌሩ ጠጣው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ወደ ፓርኩ የሚገባው በዘፈቀደ አይደለም። ፓርኩ በቀጠና የተከፋፈለ ነው፤ ለየቀጠናው በጠዋትና ከሰዓት በኋላ የሚገቡት መኪኖች ቁጥር የተወሰነ ሲሆን፣ ፈቃዱ አስቀድሞ በስምና በመታወቂያ ቁጥር ይወጣል፤ በር ላይም ከፓስፖርቱ ጋር ይመሳከራል። ለውጭ አገር ሰው ዋጋው ከአገሬው ይበልጣል፤ እኛም አገር እንዲሁ ስለሆነ በዚህ ቅር አልተሰኘሁም። ፈቃዱን ያወጣልን አንድ የጉዞ ወኪል ነበር። የሁለታችንንም ፓስፖርት ፎቶ አንሥቼ ልኬለታለሁ። እሱ ግን የባለቤቴን ስም ሲሞላ ‹ሰርኔም› ላይ የእርሷን አያት ትቶ የእኔን አያት አስገባላት። ኋላ ስጠይቀው ስህተት ያለብን እኛ መስለነው ለእኛ አስቦ እንዳስተካከለው ነገረኝ።

ጎህ ሳይቀድ በቢጅራኒ ቀጠና መግቢያ፣ አምዳንዳ በሚባለው በር ላይ፣ በክፍት ጂፕ ብርድ ልብስ ተከናንበን ደረስን። ጠባቂው ወረቀቱንና ፓስፖርቱን አስተያይቶ ባለቤቴን ቀና ብሎ አያትና መልሶ ወረቀቱን አየ። ሰውዬው ሥራውን ነው የሠራው፤ በእሱ አልፈርድም። ሌሎቹ ጂፖች አንድ በአንድ ሲገቡ እኛ ከበሩ ጎን ቆመን ቀረን። አስጎብኛችን በሂንዲ ሲከራከር፣ እኔም የዘር ሐረጉን ሥዕል እንደገና ስሥል ሃምሳ ደቂቃ አለፈ። ነብርን የሚያውቁ ሁሉ እንደሚናገሩት አውሬው በጥርጊያው ላይ የሚገኘው ፀሐይ ሳትበረታ፣ በዚያችው በመጀመሪያዋ ሰዓት ነው።

በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ ያሰብሁትን ልንገራችሁ። ይህ ፓርክ ሲመሠረት ቀደም ሲል የአካባቢው አገረ ገዥ በነበሩት በማልኮም ሄይሊ ስም ‹ሄይሊ ብሔራዊ ፓርክ› ተባለ፤ ከነጻነት በኋላ ደግሞ ፓርኩን በሚያቋርጠው ወንዝ ስም ‹ራምጋንጋ› ሆነ፤ ከዚያም በ1950ዎቹ አጋማሽ በጂም ኮርቤት ስም ተጠራ። ኮርቤት በ1875 እዚያው አቅራቢያ ናይኒታል የተወለደ፣ ሰው በላ ነብሮችን በማደን የታወቀ፣ በኋላም አራዊቱ እንዲጠበቁ የተከራከረ ሰው ነው፤ በ1947 ሕንድን ለቆ ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ ሄደ፤ በ1955 ኒዬሪ ላይ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። እንግዲህ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ስሙን የለወጠ ፓርክ፣ አንድ ጊዜም ስሟን ያልለወጠችውን ሴት በር ላይ አቁሞ ይመረምራል።

በመጨረሻ ገባን። ሳል የሚባለው ዛፍ የሞላበት ጫካ ያምራል፤ አጋዘኖች አየን፣ ዝንጀሮዎች አየን፣ በደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ ከእጄ መዳፍ የሚሰፋ ዱካም አየን። ከፊት የነበረው ጂፕ ሲመለስ አስጎብኛችን አስቁሞ አነጋገራቸው። ነብሯ ከግማሽ ሰዓት በፊት በዚያው አሸዋ ላይ ተሻግራለች፤ ቪዲዮውንም አሳዩን። እነሱ ሲያዩዋት እኛ በር ላይ ስለ አያቶቻችን እናስረዳ ነበር።

ዴልሂ ተመልሰን የባለቤቴ ውጤት ደኅና ሆኖ ወጣ፤ ተመስገን። ወኪሉን ቢያንስ የአገልግሎት ክፍያውን እንዲመልስ ጠየቅሁት። ከሦስት ቀን ዝምታ በኋላ የሚሞላ ቅጽ ላከልኝ። ገንዘቡ የሚመለሰው ፈቃዱ ላይ ስሟ ለሰፈረው ሴት ብቻ እንደሆነ፣ ለዚህም በዚያው ስም የወጣ ፓስፖርት ቅጂ ማያያዝ ግዴታ እንደሆነ ቅጹ ይገልጻል። በዚያ ስም የምትጠራ ሴት እኛ ቤት የለችም።