ከጁስ ቤት ጎን ጁስ ቤት

ደሴ ላይ አንድ ሰው ጁስ ቤት ከፍቶ ቀናው ከተባለ ጎረቤቱ እንቅልፍ አይወስደውም። ወሩ ሳይሞላ ከጎኑ ሌላ ጁስ ቤት ይከፈታል። ወንበሩ ያው ፕላስቲክ፣ ግድግዳው ያው አረንጓዴ፣ ስፕሪሱ ያው አቮካዶ በማንጎ። ሌላው ቀርቶ የመጀመሪያው ሰውዬ ሜኑው ላይ የሳታት ፊደል ሳትቀር ትገለበጣለች። ፒያሳም ብትሄዱ ሙጋድም ብትወርዱ ይኸው ነው።

ሰዉ ይህን ሲያይ "አይ የኛ ነገር፣ ኩረጃ ብቻ!" ብሎ ከንፈሩን ይመጣል። እኔ ግን ዛሬ ለባለ ጁስ ቤቶቹ ጠበቃ ልቆም ነው። ከነሱ በፊት የኮረጀ አለ። ተፈጥሮ ራሷ።

ሴል ዲኤንኤውን (የሰውነት አሠራር መመሪያ የተጻፈበትን ክር) ሲገለብጥ፣ ወይም ከእናትና ከአባት የመጡት ክሮሞዞሞች (የዲኤንኤው ጥቅሎች) ቁራጭ ሲለዋወጡ፣ አንዳንዴ ይሳሳታል። አንድ የነበረው ጂን (ከመመሪያው አንድ ሥራ የሚያዝ ክፍል) ሁለት ሆኖ ያርፋል። ሱሱሙ ኦኖ የተባለው የዘረመል ተመራማሪ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ትልቅ ቦታ የሰጠው ለዚህ ስህተት ነው። ብቻውን ያለ ጂን ሥራ አለበት፤ ከተበላሸ ባለቤቱ ይጎዳል። ቅጂ ከተገኘ ግን አንዱ ሥራውን ይዞ ይቆያል፣ ሌላው እንደ ልቡ ይሳሳታል። ከብዙ ስህተት መሐል አንዷ ጠቃሚ ሆና ከተገኘች፣ አዲስ ሥራ ተፈጠረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጁስ ቤትም እንደዚሁ ነው። ደንበኛ እንቢ ሲለው ጠዋት ጠዋት ፉል ይሞክራል። ፉሉ ይቀናዋል። ዛሬ የታወቀ ፉል ቤት ነው፤ ቦርዱ ላይ ግን ብርቱካኗ አሁንም አለች።

ቀይና አረንጓዴን የምንለየው በዚሁ መንገድ ነው። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ እኛም ዝንጀሮም በምንጋራቸው ቅድመ አያቶች ኤክስ ክሮሞዞም ላይ፣ አንድ የዓይን ጂን ተባዛ። የቅጂው ጥቂት ፊደሎች ተለወጡና ሌላ ቀለም ማየት ጀመረ። ሁለቱ ዛሬም ጎን ለጎን ናቸው፣ በጣምም ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ክሮሞዞሞቹ ቁራጭ ሲለዋወጡ ይምታታባቸዋል፤ አንዳንዴ አንዱ ይጎድላል ወይም ሁለቱ ይደባለቃሉ። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት ባንዱ ቢጎድል በሌላው ትተካለች። ወንድ ያለው አንድ ነው። ሚስቱ ሰኞ ገበያ ቀይ ክር ግዛ ብላ ስትልከው አረንጓዴ ይዞ የሚመጣ ባል፣ ከዛሬ ጀምሮ "ክሮሞዞሜ ነው" ብሎ መከራከር ይችላል። እሷ ታምነው እንደሆነ እኔ የለሁበትም።

አብዛኛው ቅጂ ግን አይቀናውም። ይከስራል። የከሰረ ጂን ደግሞ ቦርዱን አያወርድም። ሽታ ከምንለይባቸው ጂኖቻችን ውስጥ የሚሠሩት ወደ 400 ገደማ ሲሆኑ፣ ሥራ አቁመው ስማቸው ብቻ የቀሩት ይበልጣሉ። ሳይባዛ የሚከስርም አለ። ፍየል ቫይታሚን ሲን ሰውነቷ ውስጥ ትሠራለች። የኛ ጂን ግን ገና ሰው ሳንሆን ተበላሽቷል። ያኔ ቅድመ አያቶቻችን ፍራፍሬ በብዛት ስለሚበሉ ጉድለቱ ማንንም አልጎዳም፤ ካልጎዳ ደግሞ ተፈጥሯዊ ምርጫ፣ ማለትም የጠቀመውን አስቀርቶ የጎዳውን የሚጥለው ወንፊት፣ አይነካውም። ባለ ጁስ ቤቶቻችን እንጀራ የሚበሉት እንግዲህ በዚህ በሞተ ጂን ነው። ፍየል ብርቱካን ጁስ ስታዝ ያየ አለ?

ለውጥ የግድ ነው ብዬ ግን አልምልም። መናኸሪያ አካባቢ ያሉት ጁስ ቤቶች አንድ ዓይነት ሆነው ሁሉም ይሸጣሉ። ከአውቶቡስ የሚወርደው የተጠማ ሰው ብዙ ነዋ። ውሻም እንደዚሁ። ስታርች (እህልና ድንች ውስጥ ያለውን ኃይል ሰጪ ምግብ) የሚፈጨው የቆሽት ጂን ተኩላ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 2 ቅጂ ሲሆን፣ ብዙ ውሾች ላይ ከ4 እስከ 30 ይደርሳል። ከሰው ደጃፍ ፍርፋሪ እየለቀመ ለሚኖር እንስሳ ብዛቱ ራሱ ጠቅሞታል።

ግድግዳ አፍርሰው አንድ የሚሆኑም አሉ። ቺምፓንዚ 48 ክሮሞዞም አለው፣ እኛ 46። የኛ ሁለተኛው ክሮሞዞም ድሮ ሁለት የነበሩት ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው የተሠራ ነው፤ ጫፍ ላይ ብቻ መገኘት ያለበት ምልክት ዛሬም መሐሉ ላይ ይታያል። (ደሴ ላይ ወንድማማቾች ውርስ ሲካፈሉ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። እሱን ሌላ ቀን።)

ኮምቦልቻ ላይ አንዱ አይስክሬም ከፍቶ ተሳካለት። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ምን ይገርማል? የደሴው ዘመዱ ማሽኑንም፣ ቀለሙንም፣ ዋጋውንም ገልብጦ በሐረጎ ዳገት ይዞት ወጣ። ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ነው። ክረምት ገባ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በሩ ላይ ተኛ። ጋቢ የለበሰ ሰው አይስክሬም አይገዛም። ተፈጥሯዊ ምርጫ ማለት ይኸው ነው፤ ክፋትም ዳኛም የለበትም፣ ያንዱ ቦታ ሲሳይ ሌላው ቦታ ኪሳራ ይሆናል። ልዩነቱ፣ ሰውየው አስቦበት ነው የኮረጀው። ጂን አያስብም።

"አብሽር፣ ያልፋል" አልኩት።

"ዓይን በልቶኝ ነው" አለኝ፣ በአገጩ ወደ ፉል ቤቱ እያመለከተ።

ጦሳን የጠረጠረው የለም።