ነጻ ካርታ ሞልቶ ሳለ በደበዘዘ ፎቶ ኮፒ እስከ መቼ?

ኧረ ስለ ፈጣሪ! አሁንም 9 ክልል ያለበት ካርታ ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ ጂኦግራፊ ይሰጣል? ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ነው። መምህሩ 12 ሲል ግድግዳው 9 ይላል። ተማሪው ማንን ይመን?

የባሰው ግን የስኬሉ፣ ማለትም ካርታው መሬቱን ስንት እጥፍ እንዳሳነሰ የሚናገረው ቁጥር፣ ነገር ነው። የ1:50,000 ካርታ ከኤ3 ወደ ኤ4 ተቀንሶ ይባዛል፤ ጥግ ላይ ያለው «1:50,000» ግን እንዳለ ይቀራል። ማሽኑ ወደ 71 በመቶ ሲያሳንሰው እውነተኛው ስኬል 1:70,700 ገደማ ሆኗል እኮ! ተማሪው በማስመሪያ 4 ሴንቲ ሜትር ይለካል፣ በ50,000 ያባዛል፣ 2 ኪሎ ሜትር ብሎ ይጽፋል። መሬት ላይ ያለው ርቀት 2.8 ኪሎ ሜትር ነው። ስሌቱ ልክ ሆኖ መልሱ ስሕተት! ይሄ በልጁ ላይ የሚሠራ ግፍ ነው። በቁጥር የተጻፈውን ሰርዙና የመስመር ስኬሉን (በኪሎ ሜትር የተከፋፈለውን ማስመሪያ መሰል መስመር) ብቻ ተዉ፤ እሱ ከካርታው ጋር አብሮ ያንሳል። ደግሞ በጥቁርና ነጭ ኮፒ ቡናማው ኮንቱር (የከፍታ መስመር) እና ሰማያዊው ወንዝ አይለዩም፤ ከማባዛታችሁ በፊት ወንዙን በወፍራም እስክሪብቶ ድገሙት።

ቴሌግራም ላይ ካርታ «ፎቶ» አድርጎ መላክስ? ይጨመቅና ይበላሻል። 800 ፒክስል ስፋት ያለው ምስል በኤ3 አግድም ሲታተም በኢንች 50 ፒክስል እንኳ አይሞላም፤ የወረዳ ስም በግምት ይነበባል። «ፋይል» ብላችሁ ላኩ፣ ቢቻል በፒዲኤፍ።

«ካርታ የለም» የሚለው ምክንያት ነው የሚያበግነኝ። ናቹራል ኧርዝ የሚባል ድረ ገጽ ላይ የዓለም ካርታ በነጻ ይወርዳል፣ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። 1:10 ሚሊዮኑን ውሰዱ፤ በ1:110 ሚሊዮኑ ዝዋይንና ላንጋኖን አታገኟቸውም። የዞንና የወረዳ ወሰን የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ዕርዳታ መረጃ ድረ ገጽ ላይ አለ፤ የታደሰበትን ቀን ሳታዩ ግን አታውርዱ። መንገድና ወንዝ ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው ነጻ የኢንተርኔት ካርታ ይገኛል፤ የሚጠይቀው ምንጩን ካርታው ላይ መጻፍ ነው። ሁሉንም የሚከፍተው ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ፕሮግራምም ነጻ ነው፤ ከተጫነና ፋይሎቹ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ርቀት የሚለካበት ካርታ ከሆነ ፕሮጀክሽኑን (ክቡ ምድር ወረቀት ላይ የሚዘረጋበትን ስልት) ወደ ዩቲኤም ቀይሩ፤ እሱ ዓለምን በቁጥር በተሰየሙ ዞኖች ከፍሎ በሜትር ያስለካል፦ አዲስ አበባ ዞን 37፣ ጋምቤላ 36፣ ሐረር 38። አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ከወጣ ጥፋቱ የፎንቱ ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ምረጡ።

ርዕሰ መምህራን፣ ይህን ሁሉ ፍላሽ ላይ ጭኖ ለጂኦግራፊ ዲፓርትመንት ማደል የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ለምን አይሠራም?