ማስተካከያ፦ ስለ ፊሌ ደሴት ንድፎች

ባለፈው ሳምንት በጅማ ላሳየናቸው ጥንታዊ የደሴት ንድፎች በጻፍነው ማብራሪያ፣ ስኮትላንዳዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1838 የነደፈው፣ ኢሲስ ለተባለችው የጥንት ግብፃውያን አምላክ የተሠራው ቤተ መቅደስ ዛሬም በፊሌ ደሴት ላይ እንደሚገኝ መግለጻችን ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 የተጠናቀቀው የመጀመሪያው የአስዋን ግድብ ደሴቲቱን በየዓመቱ ለወራት ያጥለቀልቃት ስለነበር፣ ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዩኔስኮ አስተባባሪነት ድንጋይ በድንጋይ ተፈትቶ በአቅራቢያው ባለችው በአጊልኪያ ደሴት እንደገና ተተክሏል። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በጅሬን ኮረብታ ላይ እንደ ጸና ለሚያውቅ የከተማችን ሰው፣ እንዲህ ያለ ታላቅ ሕንፃ ከደሴት ወደ ደሴት መዛወሩን መገመት ይከብዳል፤ እኛም የተሳሳትነው ሳናጣራ በመጻፋችን ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነን ስለ ቀለሙ የጻፍነው ነው። በአዕማዱ ራስ ላይ፣ በዘንባባና በአበባ ቅርጾቹ መካከል የሚታየውን አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም የሠዓሊው ፈጠራ ብለነው ነበር። ሆኖም ሮበርትስ በቦታው በተገኘበት ጊዜ ቀለሙ በድንጋዩ ላይ ነበረ፤ አብዛኛውን አጥቦ የወሰደው ከግድቡ በኋላ የመጣው ውሃ ነው። ንድፎቹን በሊቶግራፍ (በድንጋይ ላይ ሥሎ በማተም ዘዴ) ለኅትመት ያዘጋጀው ሉዊ ሄግ መሆኑም ሳይጠቀስ ቀርቷል። ስሕተቱን ላመለከቱን አባት ከልብ እያመሰገንን፣ ከሥዕሎቹ ሥር የተለጠፉትን ጽሑፎች በዚሁ መሠረት ቀይረናል።